የምርምር መሣሪያ የነበርንበት ዘመን

የእህቴ ባል ያንን ትልቅ ሐሳቡን ያገኘው በእናቴ ጀርባና በሽንኩርት ጆንያ መሃል ተቀምጦ ነው። ያኔ ሁላችንም ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበርን፤ እሱና ነርሷ እህቴ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር፣ እናቴ፣ ከአውቶቡስ ሹፌርነት በጡረታ የተሰናበተው አጎቴ፣ እኔም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ቦታ ስለሚይዝ እንደ አንድ ሰው ይቆጠር ነበር። ከመካከላችን አንዱ ወደ በር መሄድ ከፈለገ ሁለቱ መነሳት፣ አንዱ ሆዱን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ልጆቹ ደግሞ አልጋ ላይ መውጣት ነበረባቸው። እናቴ እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ እግሯን መቼ እንደምታነሳ ታውቅ ነበር።

የእህቴን ባል ሊቁ የምንለው አጎቴ ባወጣለት ስም ነው። መጀመሪያ ለማሽሟጠጥ ነበር፤ በኋላ ስሙ ተለመደና ሽሙጡ ተረሳ። የሚሠራው በአንድ የፊዚክስ ምርምር ተቋም ነው። እዚያ ጠረጴዛ ለሁሉም ስለማይዳረስ ተመራማሪዎቹ በፈረቃ ይቀመጡ ነበር፤ የሊቁ ፈረቃ ደግሞ ሁልጊዜ የፊተኛው ሳይነሳለት ያልቃል። ስለዚህ የሚያስበው ቤት ነው። ጉልበቱ ላይ መክተፊያ ያስቀምጣል፣ መክተፊያው ላይ ወረቀት ያነጥፋል፣ እናቴ ዞር ባለች ቁጥር እርሳሱ ይስታል።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ባዶ ቦታ የሚባል ነገር የለም» አለን። «ቅንጣት ሁሉ ሌላውን ቅንጣት ይገፋል። አንድ ነገር ከበደ የምንለው ከየአቅጣጫው የሚገፋው ስለበዛ ነው። ዓለም በሙሉ ግፊያ ናት።»

«ይሄንን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው?» አለ አጎቴ። «የጠዋት አውቶቡስ ብትሳፈር በነጻ አሳይህ ነበር።»

እህቴ አልሳቀችም። ከሥራ ደክሟት መጥታ የመቀመጫ ተራዋ ስላልደረሰ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምትበላው። «እንዲህ ከሆነማ» አለች፣ «ጥፋቱ የእኛ አይደለም ማለት ነው።»

ሊቁ ቀና ብሎ አያት። ለጠባብ ቤታችን ይቅርታ መጠየቅ የለመደ ሰው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ለጊዜው ነው» ይላል፤ ጊዜው ግን ልጆች እስኪወለዱበት ረዝሟል። ያን ምሽት ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ማፈሩን የተወው ያን ዕለት ይመስለኛል።

በተቋሙ ምድር ቤት አንድ ትልቅ ማሽን አለ። ቅንጣቶችን ያጋጫል፣ ከዚያ ቁጥር ያወጣል። ማንም ሊፈታው ያልቻለ ቁጥር እያወጣ ብዙ ጊዜ ኖሯል። የሊቁ ስሌት ያንን ቁጥር እንዳለ ቁጭ አደረገው። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከጆሮው ጎን የእናቴ ክርን ይታያል። ተቋሙም ለሽልማት ብሎ የቀድሞው ኃላፊ ይኖሩበት የነበረውን ቪላ ሰጠው።

ቪላው ሲበዛ ሰፊ ነበር። ለእያንዳንዳችን ክፍል ደርሶን የሚተርፍ ነበረው። እናቴ ከክፍሏ ሆና ምሳ ደረሰ ወይ ብላ ወጥ ቤት ስልክ ትደውላለች። አጎቴ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ከሳ። ልጆቹ በመተላለፊያው ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። የሁላችንንም ደስታ ብትደምሩት ግን የእህቴን አያክልም። ከሌሊት ተረኝነት ስትመለስ የምትተኛበት የራሷ ክፍል አገኘች። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉን ሆስፒታል ሳይቀር በኪሷ ይዛው ትሄድ ነበር። «የትም ሆኜ ሳስበው ያሳርፈኛል» አለችኝ።

ሊቁም ትልቅ ጠረጴዛና ወደ አትክልቱ የሚያይ መስኮት ደረሰው። ቀን ሙሉ ማንም አይነካውም። ክረምቱ ሳይወጣ አዲስ ነገር ይዞ መጣ።

«ተሳስቼ ነበር» አለ፣ ከረጅሙ የምግብ ጠረጴዛ ወዲያኛው ጫፍ ጮክ ብሎ። «ቅንጣቶች አይነካኩም። ዓለም ባዶ ናት። እያንዳንዱ ለብቻው በጸጥታ ይኖራል፤ ግፊያ የመሰለን ሐሜት ነው።»

ምድር ቤት ያለው ማሽን አልተስማማም። ደጋግመው ሞከሩት፤ ባዶነቱን የሚደግፍ አንድም ቁጥር አልወጣም። የተቋሙ ዳይሬክተሯ ተጨነቁ። ለመላው ዓለም ግፊያ ነው ብለው ካወጁ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ሐሜት ነው ሲል ምን ይበሉ? አንድ ቀን ጠዋት ቤታችን መጡ። ሁላችንም ኑሮ አጥኚው እያልን የምንጠራውን ሰውዬም አስከትለው ነበር። አጭር፣ ጫማው በጣም ንጹሕ፣ ሲናገር ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነው። ሥራው የፊዚክስ ሐሳቦች ከየት እንደሚመጡ ማጥናት ነው።

«ማንም እንዳይቀየመኝ» ብሎ ጀመረ። «ተቋማችን ውስጥ ጊዜ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል የሚሉ አንድ አዛውንት አሉ። ጡረታቸው ደርሷል። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል የሚል ደግሞ አለ። እሱ ሁለት ሥራ ይዞ በመሃል የሚሯሯጥ ነው። የእርስዎ ባል ግፊያን ያገኙት...» አለና ወደ እህቴ ዞሮ በትሕትና ዝም አለ።

«ቤቱ ነው የበላን በሉኛ» አሉ ዳይሬክተሯ።

አጎቴ የቪላውን ጣሪያ አየ። «ታዲያ ወደ ድሮው ቤት መልሱን።»

እሱም ታስቦ ነበር። ግን የድሮ ቤታችን ለሌላ ቤተሰብ ተከራይቷል። ከእኛም ይበዛሉ። ኑሮ አጥኚው ሄዶ ሐሳብ ካላቸው ብሎ ጠይቋቸው፣ ፊዚክስ የሚያውቅ ስለሌላቸው ግፊያው እንዲሁ በከንቱ እየባከነ መሆኑን አዝኖ ነገረን። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ተገኘ። ከቪላው ክፍሎች ሁለቱ ብቻ ክፍት ይሆናሉ፣ ሌሎቹ ይታሸጋሉ፤ ቤተሰቡም በሙሉ በተቋሙ የምርምር መሣሪያነት ይመዘገባል።

በማግስቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛው መጣ። መዶሻ፣ ቁልፎችና ጥቅል ስቲከር ይዟል። በእናቴ ሹራብ ላይ አንዱን ለጠፈ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«የንብረት ቁጥር ነው እማማ። እንዳያነሱት።»

«የማን ንብረት?»

«የተቋሙ።»

እናቴ ትንሽ አሰበችበት። «ጥገና አለው?»

«እንዴታ። መሣሪያ ሁሉ በየዓመቱ ይጠገናል።»

«እንግዲያው ከጥርሴ ጀምሩ» አለች። ደግሞም ጠገኑላት። ወረቀቱ ላይ «የፊት ጥርስ መፍጫ ክፍል እድሳት» ተብሎ ተጻፈ።

አጎቴ በቋሚ ንብረትነት መመዝገቡን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። «ሹፌር ሳለሁ ቋሚ ለመባል ስንት ዓመት ደጅ ጠናሁ» አለ። «እዚህ ቁጭ ብዬ አገኘሁት።» እኔም ተለጠፈብኝ፣ የስፌት መኪናዬም። ልጆቹ ግንባራቸው ላይ ካልሆነ አሉና ግንባራቸው ላይ ሆነ። እህቴ ግን እጁን ያዘችው። «እኔ በሆስፒታሉ የተመዘገብኩ ነኝ» አለችው። «አንድ ንብረት ሁለት ቦታ አይመዘገብም።» ሰውዬው ደንቡን ያውቃልና ተዋት።

የእሷ ክፍል ግን ታሸገ። ከሥራ ስትመለስ በሯ ላይ የተቋሙ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘችው። የራሷን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ትንሽ ያዘችው፣ ከዚያ መልሳ ከተተችው። ሊቁ መክተፊያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከእናቴ ጀርባ ተቀምጧል።

«ክፍሌን አስከፍትልኝ» አለችው።

«ለጊዜው ነው። ሐሳቡ እስኪመለስ።»

«ሐሳብህ እስኪመለስ እኔ የት ልረፍ?»

ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የሚወደውን ነገር ቀምተውት እንመልስልሃለን ያሉት ሰው ነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ዓይኑ ሌላ አያይም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ነገሩ እንዳሰቡት አልሆነም። መሣሪያ ከሆንን በኋላ እንደ ድሮው መጋፋት አልቻልንም። እናቴ ለማለፍ ስትፈልግ «ይቅርታ» ማለት ጀመረች። አጎቴ በሕይወቱ ለማንም ቅድሚያ ሰጥቶ የማያውቅ ሹፌር፣ በር ላይ ቆሞ «ቅደሚ» ይለኝ ነበር። በየሳምንቱ የሚመጣ ቴክኒሻን ጉርምርምታችንን ይለካል። «እማማ፣ ማጉረምረምዎ ቀንሷል» ይላታል። «ጥርሴ አዲስ ነው ልጄ፣ ገና አልለመድኩትም» ትለዋለች። የምንጋፋው በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ከዚህ ኑሮ ምን ዓይነት ፊዚክስ ይወጣል? የወጣው ይህ ነው፤ ቅንጣቶች ይገፋፋሉ፣ ግን በተራና በጨዋነት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ያቆማሉ። ዳይሬክተሯ አንብበው ራሳቸውን ያዙ። ማሽኑ ላይ ቢሞከር ግን ቅንጣቶቹ እውነትም ምሳ ሰዓት ላይ አቁመው ተገኙ። ተቋሙ አንድ ቀን ሙሉ ተደሰተ። በማግስቱ ከማሽኑ ሠራተኞች አንዱ፣ ምሳ ሲወጡ ማሽኑን አጥፍተውት እንደሚሄዱ ጨዋታ ላይ አነሳ።

«የሰው ቁጥር አንሷል» ብሎ ወሰነ ስብሰባው። «ይጨመር።»

እህቴ በዚያው ሳምንት ከሌሊት ተረኝነት ስትመለስ አልጋዋ ላይ የማታውቀው ጎረምሳ ተጋድሞ አገኘች። አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። ሲያያት በአክብሮት ተነስቶ ተቀመጠ።

«እንደምን አደርሽ እህቴ። የባልሽ የአክስት ልጅ ነኝ» አላት። «በኮንትራት።»

እህቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር፤ እኔ የማውቃት እህቴ ስትቆርጥ ድምፅዋ ይወርዳል። ልጆቿን አለበሰች፣ ሻንጣዋን ሞላች። ራቅ ባለች ከተማ ያለ ሆስፒታል ነርስ ይፈልግ እንደነበር ሰምታ ቆይታለች። ሊቁ በር ድረስ ተከተላት። የግቢው በር ላይ ተቋሙ ያቆመው ዘበኛ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች ያለ መውጫ ፈቃድ እየወጡ ነው ብሎ ሊያቆማት ሞከረ። የልጆቿን ግንባር በምራቋ አርሳ ስቲከሮቹን ላጠችና እጁ ላይ ለጠፈችለት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ባዶ ሆነ። የኮንትራት ዘመዶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይጋፋሉ። ሊቁ በመሃላቸው ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ይውላል። መክተፊያውን ትቶ ከመስኮቱ ጎን ግድግዳው ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመረ። አንድ ቀን እኔን ጠራኝና አሳየኝ። ቁጥሩ አልገባኝም።

«በቃል ንገረኝ» አልኩት።

«ሁለት ነገሮች ቅርብ ለቅርብ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን አይስበውም። ዝም ይላሉ። እየራቁ ሲሄዱ ግን መሳሳቡ ይበረታል። በራቁ ቁጥር ይብሳል።»

«ሰው ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይላል እኮ።»

«ሰው ተሳስቷል» አለ።

ማሽኑ ላይ ተሞከረ። እንዲህ ያለ መግጠም ታይቶ አይታወቅም አሉ። የግፊያው ቁጥር ከዚህ ጋር ሲተያይ የግምት ያህል ነበር። ምድር ቤት ያሉት ሰዎች ተቃቀፉ። ዳይሬክተሯ ወዲያው ኑሮ አጥኚውን ጠርተው ምንጩን እንዲያጣራ አዘዙት። እሱም ለማጣራት ብዙ አልደከመም፤ ልብ ያለው ሁሉ ያየው ነገር ነው። ተቋሙ የእህቴን አለመኖር በቅርስነት ሊመዘግበው ፈለገ፤ የሚለጠፍበት ቦታ ስለጠፋ ብቻ ቀረ።

ቀጥሎ ዳይሬክተሯ እህቴ ዘንድ ለመሄድ ተነሱ። እንዳግባባላቸው ብለው እኔን በመሣሪያ ማጓጓዣ ፈቃድ ይዘውኝ ሄዱ። እህቴ የምትኖረው ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ልጆቹ ወለሉ ላይ ይሥላሉ። የታጠቡ ጓንቶች መስኮቱ ላይ ተሰጥተዋል። ሻይ ቀዳችልን።

«ትምህርት አግኝተንልሻል» አሉ ዳይሬክተሯ። «ውጭ አገር፣ ከልጆችሽ ጋር። በጣም ሩቅ ነው። ከዚህ የራቀ ቢገኝ እሱን እናመቻች ነበር።»

«እሱ ምን አለ?»

«አልተጠየቀም። ካወቀ ውጤቱ ይበላሻል።»

እህቴ ሻይዋን አስቀመጠች። ዳይሬክተሯን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«ይበላል?»

«ይበላል» አልኳት። «ግን ቆሞ ነው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ለዳይሬክተሯ አስብበታለሁ ብላ ሸኘቻቸው። በመንገድ ላይ ዳይሬክተሯ ደስተኛ ነበሩ። እኔ ግን ድምፅዋ መውረዱን ልብ ብዬ ነበር።

እሑድ ጠዋት የቪላው በር ተንኳኳ። እህቴ ውጭ ቆማለች። ዘበኛው ግቢ ቢላት አልገባ አለች። ሊቁን ጠራሁት። በነጠላ ጫማ፣ ጣቱ በእርሳስ እንደጠቆረ ወጣ። እኔ ከበሩ ወዲህ ቆሜ ነበር፤ መስማት አልነበረብኝም፣ ግን ሰማሁ።

«አገኘኸው አሉ» አለችው።

«አዎ።»

«እውነት ነው?»

«ቁጥሩ ገጥሟል።»

«ቁጥሩን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ሊቁ የጠቆረ ጣቱን አየ። «ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አያውቅም» አላት ቀስ ብሎ። «ለማንም ቢሰጡት ያው ይገጥማል። ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝ። በርሽን ሲያሽጉት ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

«አልነበረብህም።»

«ብከተልሽ ታስገቢኛለሽ?»

«ክፍሉ አንድ ነው» አለች። «ልጆቹ ደግሞ ወለሉን ይዘውታል።»

«እኔ ጥግ እበቃኛለሁ» አለ፣ ከድንጋጤው የተነሳ ቃሉ ተምታቶበት። እህቴ ያኔ ሳቀች። ብዙ ጊዜ ሳትስቅ ስለቆየች ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረባት።

ሊወጡ ሲሉ ዘበኛው የመውጫ ፈቃድ ጠየቀ። መዝገቡን ቢያገላብጥ የሊቁ ስም የለም። ተቋሙ እናቴን፣ አጎቴን፣ የስፌት መኪናን ሳይቀር ሲመዘግብ ተመራማሪውን መመዝገብ ረስቶታል። ዘበኛው ደንብ አክባሪ ነውና በሩን ከፈተላቸው። ሊቁ በነጠላ ጫማው አውቶቡስ ተሳፈረ።

የሐሳቡን ቀሪ ክፍል ሌላ ተመራማሪ ጨረሰው። ወንደላጤ ነው፤ በቪላው ውስጥ ለብቻው አስገቡት፣ ስልኩንም ቆረጡበት። ሥራው ጥሩ ሆነ ይባላል። ሊቁ እህቴ ባለችበት ከተማ ትምህርት ቤት ገብቶ ማስተማር ጀመረ። እኛ ግን አገልግሎት የማንሰጥ መሣሪያዎች ሆነን ቀረን፤ አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ደግሞ በደንቡ መሠረት በሐራጅ ይሸጣል።

ሐራጁ የተካሄደው በተቋሙ ግቢ ነው። እናቴን፣ አጎቴንና እኔን ከተሰበሩ ወንበሮችና ከማይዞሩ ፋኖች ጎን አሰለፉን። እናቴ መነሻ ዋጋዋን ስትሰማ ተቆጣች። «ጥርሱ ብቻ ከዚህ ይበልጣል» አለች። ከእህቴና ከባሏ ሌላ አንድ ተጫራች ብቻ ነበር፤ ያ የኮንትራት የአክስት ልጅ። ሥራው ስላበቃ የሚሄድበት ስላልነበረው፣ ቢያንስ አጎቴን ልግዛ ብሎ ነው። እህቴ አየችው። «ተወው፣ አንተም ና» አለችው። አሁን ከእኛ ጋር ነው። የአውቶቡስ ረዳት ሆኗል፣ የማን ዘመድ ነህ ሲሉት የሊቁ ይላል።

ሰፋ ያለ ቤት ተከራየን፤ በጣምም አልሰፋ። እህቴ ክፍል አላት። እኔ ለነርሶች ጋውን እሰፋለሁ።

ባለፈው ኑሮ አጥኚው ሊጠይቀን መጣ። ከተቋሙ ተሰናብቷል፤ የሐሳብ ምንጭ ማወቁ ሐሳቡን ያደርቀዋል ብለው ፈሩ አሉ። ሊቁ ወንበር ሳበለት። ስለ ምድር ቤቱ ማሽን ትንሽ አወሩ። አጎቴ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «አንተስ» አለው፣ «ይሄ ሐሳብ ሁሉ ከቤት ይወጣል የምትለው ነገር፣ እሱ ከየት መጣልህ?»

ሰውዬው ንጹሕ ጫማውን አየ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስልም። «ተከራይ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ከልጅነቴ ጀምሮ። በየዓመቱ ያስወጡናል። ቤት ስንቀይር አባቴ ስለ ሁሉም ነገር ያለው አስተያየት ይቀየር ነበር።»

ማንም አልሳቀም። እናቴ ሾርባ ጨመረችለትና እዚሁ እደር አለችው። ፍራሽ መተላለፊያው ላይ አነጠፍንለት። ጠዋት ስንነሳ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ጥጉ ላይ አስቀምጦ፣ ከልጆቹ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሥዕል ያቀልም ነበር። እህቴ ተረኝነቷ ስለደረሰ በላዩ ተሻግራ ወጣች፤ እሱም ሳያስበው እግሩን ሰበሰበላት።